የማኦሪ ሕዝብና ቋንቋው

በቍጥር አነስተኛ የሆነ ሕዝብ ከብዙኃኑ ጋር በአንድ መንግሥት ሥር ሲኖር ቋንቋው እንዴት እንደሚጠፋና እንዴት እንደሚመለስ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው የኒውዚላንድን ታሪክ ቢመለከት ይጠቅመዋል። አውሮፓውያን ወደዚያች አገር ከመምጣታቸው በፊት የነበሩት ነዋሪዎች ማኦሪ ይባላሉ።

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1840 ዓ.ም. የማኦሪ አለቆች ከእንግሊዝ ንግሥት ወኪል ጋር በዋይታንጊ ተዋዋሉ። ውሉ የተጻፈው በሁለት ቋንቋ ነው። እንግሊዝኛው አለቆቹ ሉዓላዊነታቸውን በሙሉ እንደ ሰጡ ሲናገር፣ የማኦሪው ጽሑፍ ግን የማስተዳደርን ሥልጣን ብቻ የሚያመለክት ቃል ይዟል። የውጫሌን ውል 17ኛ አንቀጽ ለተማርን ተማሪዎች ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በማኦሪው ጽሑፍ በሁለተኛው አንቀጽ «ታኦንጋ» የሚል ቃል አለ፤ ትርጓሜውም ውድ ሀብት ማለት ነው። ይህን ቃል አንባቢ እንዲያስታውሰው እለምናለሁ።

መጀመሪያ የመጡት ሚሲዮናውያን በማኦሪ ቋንቋ ያስተምሩ፣ መጻሕፍትም ያትሙ ነበር። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ላደግሁ ለእኔ ይህን ማንበብ ደስ ያሰኛል፤ ተከትሎ የመጣው ግን ደስ አያሰኝም። በ1867 የወጣው ሕግ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ እንዲሆን አዘዘ፤ ከዚያም በኋላ በብዙ ትምህርት ቤቶች በግቢው ውስጥ ማኦሪኛ ሲናገር የተገኘ ልጅ ይገረፍ ነበር። በ1945 የማኦሪን ሻለቃ ጦር ያዘዙት ሰር ጄምስ ሄናሬ፣ ልጅ ሳሉ የሚመቱበትን ሐረግ ራሳቸው ከጫካ ቈርጠው እንዲያመጡ ይላኩ እንደ ነበር ሸምግለው መስክረዋል።

ይሁን እንጂ ጥፋቱን ሁሉ በመምህራን ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ነው። ከወላጆችም ብዙዎቹ ልጆቻቸው እንግሊዝኛ እንዲያውቁላቸው ይሹ ነበር፤ እንጀራ የሚገኘው በእርሱ ነውና። የተገረፈው ልጅ አድጎ አባት በሆነ ጊዜ፣ ልጁ እንዳይገረፍበት ብሎ በቤቱ በእንግሊዝኛ ተናገረ። ይህን ያደረገው ልጁን ስለሚወድ ነው፤ ቋንቋውን ከዱላው ይልቅ የጎዳውም ይኸው ይመስለኛል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሕዝቡ ወደ ከተማ ሲፈልስ፣ የአያቱን ንግግር የማይሰማ ልጅ በዛ።

በ1972 ወጣቶች ከ30,000 በላይ ፊርማ አሰባስበው፣ ቋንቋቸው በትምህርት ቤት ይሰጥ ዘንድ ለፓርላማ አቤት አሉ። በ1982 ደግሞ «ኮሃንጋ ሬኦ» ማለት የቋንቋ ጎጆ የተባለው ተከፈተ። አሠራሩም ቀላል ነው፤ ለትምህርት ያልደረሱ ሕፃናት ቋንቋውን ከሚያውቁ አረጋውያን ጋር ይውላሉ፣ በዚያም ከማኦሪኛ በቀር ሌላ አይነገርም። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በመቶ የሚቈጠሩ ጎጆዎች ተቋቋሙ። ዳሩ ግን ልጆቹ ወደ እንግሊዝኛው ትምህርት ቤት ሲገቡ ያወቁትን ይረሱት ጀመር፤ ስለዚህ ወላጆች በ1985 በማኦሪኛ የሚያስተምር የራሳቸውን ትምህርት ቤት ከፈቱ።

በ1986 የዋይታንጊ ጉባኤ፣ ቋንቋም «ታኦንጋ» ስለ ሆነ መንግሥት ሊጠብቀው ይገባል ሲል ወሰነ፤ በ1987 ማኦሪኛ በሕግ የአገሪቱ ኦፊሲዬል ቋንቋ ሆነ። እንግዲህ ሕጉ የደረሰው አሮጊቶቹ ሥራውን ከጀመሩ ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። በ2018 በተደረገው ቈጠራ ቋንቋውን የሚናገሩት ከአምስት ማኦሪዎች አንዱ ያህል ብቻ ነበሩ፤ በጎጆዎቹ ካደጉትም ሕፃናት አንዳንዶቹ ዛሬ በዚያው መምህራን ሆነዋል።