ረቂቅ የከሰል ስዕል

ረቂቅ የከሰል ስዕል ሰው፣ ዕቃ ወይም ቦታ ሳይመስል በጭረት፣ በጥላና በባዶ ወረቀት ብቻ ስሜትን የሚገልጽ የሥነ ስዕል ዓይነት ነው። የገላጭነቱ ምንጭ በዋናነት የከሰሉ ጠባይ ነው። የስዕል ከሰል ብዙውን ጊዜ የአኻያ ወይም የወይን ሐረግ ጭራሮ አየር በታፈነበት ሙቀት ከስሎ የሚገኝ ነው። ማጣበቂያ ስለሌለው ብናኙ በወረቀቱ ሻካራ ገጽ ላይ ያርፋል እንጂ ወደ ውስጥ አይሰርግም፤ ማጽኛ ካልተረጨበት አንድ የሸሚዝ እጅጌ ያበላሸዋል። ይኸው ድክመቱ ግን ጉልበቱም ነው። ሲጫኑት ይጠቁራል፣ በጣት ሲያሹት ይደበዝዛል፣ ሲፍቁት እንኳ ዱካው ይቀራል። ስለዚህ የሠዓሊው እጅ የት እንደበረታና የት እንዳመነታ ከወረቀቱ ላይ ይነበባል።

አሜሪካዊቷ ሠዓሊ ጆርጂያ ኦኪፍ እ.ኤ.አ. በ1915 ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ እያስተማረች የሠራቻቸው ስዕሎች ለዚህ ማስረጃ ናቸው። በኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም የሚገኘው «ስዕል 13» ላይ ወደ ላይ የሚንቀለቀል ሞገድ፣ አራት ድቡልቡል ቅርጾችና አንድ ጥርሳም መስመር ጎን ለጎን ቆመዋል። ሞገዱ ወንዝ ይሁን ነበልባል አይታወቅም፤ ድቡልቡሎቹ መለስለሳቸው፣ መስመሩም መሾሉ ግን አያከራክርም።

ስሜቱን የሚያመጣው ተመልካቹ እንጂ ስዕሉ አይደለም የሚል ተቃውሞ ይነሣል። አልፍሬድ ስቲግሊትዝ በ1916 ስዕሎቹን «291» በተባለው ጋለሪው ካሳየ በኋላ ብዙዎች የሴትነት መግለጫ አድርገው ተረጎሟቸው፤ ኦኪፍ ግን እንዲህ ያለውን ንባብ አልወደደችውም። ተቃውሞው ግማሽ እውነት አለው። ከእነዚሁ ስዕሎች አንዱ የሆነው «ስፔሻል ቁጥር 9» የተወለደው ከከባድ ራስ ምታት እንደሆነ ሠዓሊዋ ራሷ ተናግራለች፤ ይህን ከስዕሉ ብቻ የሚደርስበት ተመልካች ግን ያለ አይመስልም። ረቂቅ ስዕል የስሜትን ሰበብ አይናገርም። የሚያሳየው ክብደቱን፣ አቅጣጫውንና ውጥረቱን ነው፤ እነዚህ ደግሞ በተመልካቹ ፈቃድ የሚለዋወጡ አይደሉም።

ከሰል ለቀለም ቅብ መዘጋጃ ብቻ ነው የሚለው የቆየ አስተያየት ከዚህ ተቃውሞ ይልቅ ደካማ ነው። ኦኪፍ ቀለምን ወደ ጎን ያደረገችው ሆን ብላ ነበር፤ በጥቁርና ነጭ ልትገልጸው የማትችለው ነገር እስኪገጥማት ድረስ በከሰል ቀጠለች፤ ሰማያዊ ያስፈለጋትም በ1916 ነው።