ቆሎ በጠላ፣ ዳቦ በኮካ

እስቲ ጎበዝ፣ ኮካን በምን ትጠጣላችሁ? "በበርገር" የምትሉ እለፉን። ይህች ጽሑፍ ሱቅ ደጃፍ ቆሞ ሁለት ደረቅ ዳቦ በአንድ ኮካ ያወራረደውን ወገን የምትመለከት ናት። ለውጭ ሰው ግራ የሚያጋባ ምሳ ነው። ለእኛ ግን ታሪክ አለው፤ ያውም ከኮካ የሚቀድም።

ነገሩ ያለው "ማወራረጃ" በምንላት ቃል ውስጥ ነው። ደረቅ ነገር ብቻውን አይወርድም። ለቆሎ ጠላ፣ ለዳቦ ወተት ወይ ሻይ አለለት። የሚያሰክር ለማይጠጣ ደግሞ ማር በውኃ ተበጥብጦ ብርዝ ይቀርብለታል። ጣፋጭ ነው፣ አያሰክርም፣ ልጅም እንግዳም ይጠጣዋል። ይህንን "ለስላሳ" ብንለው ማን ይከለክለናል?

ደብረ ወርቅን እንውሰድ። ምሥራቅ ጎጃም፣ እናርጅ እናውጋ ወረዳ፣ ከደጀን በብቸና አድርጎ ወደ ሞጣ በሚያልፈው መንገድ ላይ ያለች፣ በጥንታዊቷ የማርያም ደብር የምትታወቅ ከተማ ናት። አካባቢው የአብነት ትምህርት አገር ነው። የአብነቱን ተማሪ ሕዝቡ ምን ብሎ ይጠራዋል? የቆሎ ተማሪ! (በመክሰሱ የሚጠራ ተማሪ ያለው ሌላ አገር ካለ ንገሩኝ።) ቆሎ አይሻግትም፣ ለመንገድ ይያዛል፣ በጾምም ይበላል። የደጋው መክሰስ እንግዲህ ይህ ነበር።

ኮካ ኮላ እ.ኤ.አ. በ1886 አትላንታ ውስጥ ተፈለሰፈ። አዲስ አበባ ላይ መመረት የጀመረው በ1959 ነው፤ በ1965 ድሬዳዋ ሁለተኛው ፋብሪካ ተከፈተ። በ1975 ደርግ ወረሳቸው፣ በ1996 ወደ ግል ዞሩ። ይህንን ታሪክ ሁሉም ይጽፈዋል። እኔን የሚገርመኝ ግን ጠርሙሱ ነው።

ጠርሙሱ ተመላሽ ነበር። ባለሱቁ ባዶውን ካላስረከበ ሙሉ ሳጥን አያገኝም። ስለዚህ ወይ ማስያዣ ትከፍላላችሁ፣ ወይ እዚያው ቆማችሁ ትጨርሳላችሁ። ቆማችሁ ስትጠጡ ዓይናችሁ የት ያርፋል? ዳቦውና ብስኩቱ ላይ! በእኔ ግምት ዳቦ በኮካን የወለደው ማስታወቂያ ሳይሆን ይህ ባዶ ጠርሙስ ነው። በዚያ ላይ ረቡዕና ዓርብን፣ ዐቢይ ጾምንም ጨምሩበት። ወተት ክልክል ነው፤ ኮካ ግን የጾም ነው። ለጾመኛ መንገደኛ ከዚህ የቀለለ ምሳ የት ይገኛል?

አሜሪካኖቹም ቢሆኑ አይስቁብንም። በደቡቡ ክፍል ጨው የነካውን ለውዝ ኮካው ጠርሙስ ውስጥ ጨምሮ ለውዙንም መጠጡንም አብሮ መጨረስ የቆየ ልማድ ነው። ምክንያቱ ሲነገር፣ እጁ የቆሸሸ ሠራተኛ ለውዙን ሳይነካ እንዲበላ ነው ይባላል። ጉደር በኮካ የሚያዙትም ብቻቸውን አይደሉም፤ ስፔን ውስጥ ባስኮች ቀይ ወይንን ከኮካ አደባልቀው ካሊሞቾ ይሉታል። እኔ ቆሎ ኮካ ውስጥ ጨምሬ ሞክሬዋለሁ። ሽምብራው አያስከፋም፤ ገብሱን ግን አደራ፣ ጠርሙሱ ሥር ተኝቶ ይቀራል።

ቀልዱን እንተወውና፣ በ300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ውስጥ ከ30 ግራም በላይ ስኳር አለ፤ ሰባት የሻይ ማንኪያ ያልፋል። ብርዝም ጣፋጭ ነው፣ አልክድም። ልዩነቱ ገንዘቡ የሚሄድበት ቦታ ላይ ነው። የጠላው ብር ጠማቂዋ እናት ጓዳ፣ የማሩ ደግሞ ንብ አናቢው ቤት ይገባል። የኮካው ብር በሳጥን ተጭኖ ከከተማዋ ይወጣል። አሁን ደግሞ የላስቲክ ጠርሙስ መጥቶ ማስያዣውንም ሱቅ ደጃፍ መቆሙንም አስቀርቶታል፤ ኮካው አውቶቡስ ውስጥ ይጠጣል፣ ቆሎውም በመስኮት ይገዛል። እናት ወተት ባለበት ቀን እንኳ "ምን ላምጣልህ?" ስትለው ልጁ ኮካ ይላል። ብርዝን የሚያውቀው ሠርግ ላይ ብቻ ነው፤ እሱም ከተገኘ።