የተደበቀች ቀኝ እጅ

አሰበ ተፈሪ ሳድግ አንዲት ጎረቤት ልጅ ነበረች። ቀኝ ክንዷ ክርኗ ላይ ይታጠፋል፣ አውራ ጣቷ መዳፏ ውስጥ ይገባል። እጇ ሁልጊዜ በሹራቧ እጅጌ ተሸፍና ነው የምትውለው። ማዕድ ላይ በግራዋ ስትጎርስ እንግዳ ካለ "በቀኝሽ!" ይላታል። በየትኛው ቀኟ? በኋላማ እንግዳ ሲመጣ እናቷ ጓዳ ያበሏት ጀመር። እርግማን ነው የሚል ነበር፣ ልክፍት ነው የሚልም። እኛም ቅልልቦሽ ስንጫወት አናስገባትም ነበር። አንድ ቀን ግን ገብታ በግራዋ ሁላችንንም አሸነፈችን።

የነገሩን ስም የሰማሁት ከዓመታት በኋላ ነው፦ ሴሬብራል ፓልሲ። ከመወለድ በፊት፣ በወሊድ ጊዜ ወይም ብዙም ሳይቆይ በማደግ ላይ ያለ አንጎል ሲጎዳ የሚመጣ ነው። ምጥ ሲራዘምና ሕፃኑ ሲታፈን፣ ያለጊዜው ሲወለድ፣ ከባድ የአራስ ቢጫነት ወይም ማጅራት ገትር ሲይዘው ሊከሰት ይችላል። የግራ አንጎል ከተጎዳ የሚቸገረው ቀኝ እጅ ነው።

ለንደን ላይ ዊልያም ጆን ሊትል የተባለ ሐኪም፣ እሱም ከልጅነቱ አንድ እግሩ የተጎዳ፣ በ1861 (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) ችግሩን ከአስቸጋሪ ወሊድ ጋር አያያዘው። በ1897 ደግሞ ሲግመንድ ፍሮይድ፣ አዎ ያው የሕልሙ ፍሮይድ፣ ነገሩ ማኅፀን ውስጥም ሊጀምር ይችላል ብሎ ጻፈ።

ወደ እኛ እንምጣ። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፣ የ1931ዱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት፣ በ1920ዎቹ ጨርጨርን አርአያ ግዛት ለማድረግ ሲነሡ ከተማችን በእቅድ ተቆረቆረች። ለአካል ጉዳት የሚሆን ተሐድሶ ግን ቆይቶ ነው የመጣው፤ ሲመጣም በሌሎች በሽታዎች በኩል ነው። በሐረር አቅራቢያ ቢሲዲሞ በ1950ዎቹ መጨረሻ ላይ በጀርመኖች ድጋፍ የሥጋ ደዌ ሕክምና ተጀመረ። በ1962 ቼሻየር ገብቶ በፖሊዮ የተጎዱ ልጆችን መርዳት ያዘ። በ1965 የተመሠረተው አለርት ደግሞ በሥጋ ደዌ የታጠፉ ጣቶችን በቀዶ ሕክምናና በፊዚዮቴራፒ ያቃና ነበር። የጎረቤቴ ችግር ግን ሌላ ነው፤ እጇ ጤነኛ ነው፣ ትእዛዝ ሰጪው ነው የተጎዳው። ጅማት በማቃናት ብቻ አይፈታም።

መልሱ ከማይጠበቅ ቦታ መጣ። አሜሪካዊው ኤድዋርድ ታውብ የአንድ ክንዳቸው የስሜት ነርቭ በተቆረጠ ጦጣዎች ላይ ምርምር ሲያደርግ፣ ጦጣዎቹ ያንን ክንድ ጨርሶ እንደሚተዉት አየ። ደህናው ክንድ ሲታሰር ግን የተተወው መሥራት ጀመረ። አንጎል እጁን "ረስቶት" ነበር ማለት ነው። ጦጣዎቹ የተያዙበት ሁኔታ በ1981 ፍርድ ቤት አስቀርቦታል፤ ሐሳቡ ግን ቀጠለ። ልጆች ደህናውን እጃቸውን በጓንት ሸፍነው፣ በቀን ለተወሰኑ ሰዓታት፣ ለሳምንታት በደካማው እጅ እየተጫወቱ እንዲለማመዱ ተደረገ። በ2000ዎቹ ደግሞ ኒውዮርክ ላይ አንድሪው ጎርደንና ባልደረቦቹ ሁለቱን እጆች በአንድነት የሚያሠራ ልምምድ ቀመሩ። የልምምዱ ሰዓት እኩል ሲሆን ሁለቱም መንገዶች የተቀራረበ ለውጥ ያመጣሉ። ዋናው ነገር ልጁ ራሱ የሚፈልገውን ተግባር ደጋግሞ መሥራቱ ነው፤ እጁን ሌላ ሰው ሲያሽለት መዋሉ አይደለም።

ይህን የሚያሠለጥን ባለሙያ ኦኩፔሽናል ቴራፒስት ይባላል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሀገሪቱን የመጀመሪያ የኦኩፔሽናል ቴራፒ ትምህርት ለመክፈት ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲና ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን ጋር መሥራት የጀመረው በ2017 ነው። ከጎንደር እስከ ጭሮ፣ እስከ ሂርናና ገለምሶ፣ መንገዱን እናንተው አስቡት።

አምና ጭሮ ሄጄ አገኘኋት። የልጅ እናት ሆናለች። ቡና ልታፈላልኝ ሰፌዱን ጭኗ ላይ አደረገች፤ በቀኝ ክንዷ ጠርዙን ተጭና ይዛ በግራዋ ትለቅማለች። ቀኝ እጇ አልተሸፈነችም።

"ማን አስተማረሽ?" አልኳት።

"ማን ያስተምረኛል? ሰፌዱ ይወድቅብኝ ነበራ!"

ሳቅን። ከዚያ ግን ዝም አልኩ። ጎርደን የቀመረው ነገር እኮ ይሄው ነው፤ አንዱ እጅ ይይዛል፣ ሌላው ይሠራል። ኦቾሎኒ መፈልፈል፣ ብርቱካን መላጥ፣ በእንስራ ክዳን መጫወት፣ ሁሉም ቤታችን ውስጥ ነበር። ያኔ የጎደለን ውድ መሣሪያ አልነበረም። በሁለት ዓመቷ "እጇ መማር ይችላል" ብሎ ለእናቷ የሚነግር ሰው ነው የጎደለው። እኛ ደግሞ "በቀኝሽ!" ማለትን ብቻ ነበር የምናውቀው።

ልጇ መሬት ላይ ጠጠሮቹን በትኖ ጠበቀን። ቅልልቦሽ ተጫወትን። አሁንም አሸነፈችኝ።