የተሳሳተው መዝሙር

ኩሌ ካምፕ በ2006 ዓ.ም ሲከፈት አብዛኞቻችሁ ሕፃናት ነበራችሁ። ስለ ደቡብ ሱዳን የቅርጫት ኳስ ቡድን ግን ሳትሰሙ አልቀራችሁም።

የፌዴሬሽኑ መሪ ሉኦል ዴንግ ራሱ በልጅነቱ ወደ ግብፅ የተሰደደ ነው። ቡድኑ ነሐሴ 27 ቀን 2015 ዓ.ም አንጎላን 101 ለ78 አሸንፎ ለፓሪስ ኦሎምፒክ አለፈ። ሐምሌ 13 ቀን 2016 ዓ.ም ለንደን ላይ አሜሪካንን በ16 ነጥብ እየመራ ለእረፍት ወጣ። ማን ያምናል? መጨረሻ ላይ ሌብሮን ጄምስ 8 ሰከንድ ሲቀር ባስቆጠረው 101 ለ100 ተሸነፈ።

እኔን ግን የሚገርመኝ ከስምንት ቀን በኋላ ፈረንሳይ፣ ሊል ውስጥ የሆነው ነው። ተጫዋቾቹ ለመጀመሪያው የኦሎምፒክ ጨዋታቸው ተሰልፈው ሳለ የተሰማው የሱዳን ብሔራዊ መዝሙር ነበር። ተመልካቹ ጮኸ፤ መዝሙሩ ተቋረጠ። ስማችሁ መዝገብ ላይ ተሳስቶ ተጽፎባችሁ የሚያውቅ ከሆነ ስሜቱን አትስቱትም። እነሱ ግን ሰልፉን ትተው አልሄዱም፤ የራሳቸው መዝሙር እስኪመጣ ቆመው ጠበቁ። በመጨረሻ መጣ።

ከዚያ ተጫወቱ፤ ፖርቶ ሪኮንም 90 ለ79 አሸነፉ።