ጥቁርና ጉራቻ፦ የቀለም ስሞች የስሜት ታሪክ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ

1. መነሻ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአዳማ ከተማ ከአፋን ኦሮሞ ወደ አማርኛ የተመለሰ አንድ የሽማግሌ ምርቃት ለእርማት ቀርቦልን ነበር። በምንጩ ላይ ዋቃ «ጉራቻ» በሚል ቅጽል ይጠራል፤ ተርጓሚውም «ጥቁር አምላክ» ብሎ መልሶታል። ቃል በቃል ከታየ ትርጉሙ ስሕተት የለበትም። ጉራቻ ጥቁር ነው፤ ዋቃም አምላክ ነው። ሆኖም ጽሑፉ ጮክ ተብሎ በተነበበ ጊዜ በአማርኛ ያደጉት አድማጮች ፊታቸውን አጠቆሩ፤ ምርቃቱን የተናገሩት አዛውንት ደግሞ አድማጮቹን ያስከፋቸው ነገር ምን እንደሆነ ሊገባቸው አልቻለም። እርሳቸው የተናገሩት የአክብሮት ቃል ነበር፤ አድማጮቹ የሰሙት ግን የጨለማ ቃል ነው።

ይህ ጽሑፍ የዚያን ቀኑን አለመግባባት መነሻ በማድረግ የቀለም ስሞች ከሰው ስሜት ጋር ያላቸውን ዝምድና በታሪክ መልክ ለመመርመር ይሞክራል። ለዚህም ከአዳማና ከስምጥ ሸለቆው የኦሮሚያ ከተሞች የተሻለ መመልከቻ ማግኘት ያዳግታል። የጅቡቲ ባቡር መስመር በ20ኛው መቶ ዓመት የመጀመሪያ ዓሥርት ዓመታት ከደረሰ ወዲህ ሞጆና አዳማ ሁለቱ ቋንቋዎች በአንድ ገበያና በአንድ ግቢ የሚነገሩባቸው ከተሞች ሆነዋል። ናዝሬት ትባል የነበረችው ከተማም አዳማ የሚለውን ስሟን በ1992 ዓ.ም. መልሳ በይፋ ስትይዝ ሁለቱም ስሞች በነዋሪው አፍ መቆየታቸው የዚሁ ጉርብትና ምልክት ነው። ልናስረዳ የምንፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ስሜቱ የሚያድረው በቀለሙ ላይ ሳይሆን ቀለሙ በተጠራበት ቃልና ሐረግ ላይ መሆኑን ነው።

2. ግሥ ያላቸው ቀለሞች

ብሬንት በርሊንና ፖል ኬይ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተሙት ጥናት የቀለም ስሞች በየቋንቋው በዘፈቀደ እንደማይወለዱ ተከራክረዋል። በእነርሱ አባባል ሁለት የቀለም ስም ብቻ ያለው ቋንቋ የሚኖሩት ነጭና ጥቁር ሲሆኑ፣ ሦስተኛ ቢጨመር ቀይ ይሆናል፤ አረንጓዴና ቢጫ፣ ሰማያዊና ቡናማ የሚከተሉት ከዚያ በኋላ ነው። ከዚህ ሐሳብ ጋር ያልተስማሙ ብዙዎች ቢኖሩም በአማርኛ በኩል የሚታየው ምልክት ግን ወደዚያው ያዘነብላል። ነጭ፣ ጥቁርና ቀይ የየራሳቸው ግሥ አላቸው፤ ነጣ፣ ጠቆረ፣ ቀላ እንላለን። ሰማያዊ ከሰማይ፣ ቡናማ ከቡና፣ አመድማ ከአመድ፣ ብርቱካናማ ከብርቱካን የወጡ መሆናቸው ግን ገና ከላያቸው ይነበባል፤ ግሥም ስለሌላቸው «ሆነ» በሚለው ረዳት ይደገፋሉ።

ይህ የሰዋስው ነጥብ ከስሜት ጋር የሚገናኝበት ምክንያት አለው። ስሜት ለውጥ ነው፤ ለውጥን የሚነግር ደግሞ ግሥ ነው። ከዚህ የተነሣ አማርኛ የሰውን ስሜት በፊት ቀለም ሲገልጽ ግሥ ያላቸውን ቀለሞች ይመርጣል። ያዘነ ወይም ቅር ያለው ሰው ፊቱ ጠቆረ ይባላል፤ የተቆጣው ዐይኑ ቀላ፣ የደነገጠው ፊቱ ነጣ ወይም ገረጣ፣ ደስ ያለው ፊቱ ፈካ ይባላል። «ፈካ» ለቀለምም፣ ለአበባም፣ ለፊትም እኩል ሲያገለግል ይታያል። «ፊቱ ሰማያዊ ሆነ» የሚል ሐረግ ግን በቋንቋው ስሜትን አይናገርም፤ ሰሚው ምናልባት ሰውየው ቀለም ተቀብቶ ይሆን ብሎ ይጠይቃል።

ቢጫም ቢሆን «ወየበ» የሚል የቅርብ ግሥ አለው። ከዚሁ ሥር የወጣው ወይባ መነኮሳት የሚለብሱት ቢጫ ልብስ ነው። በዚህ ስም ቢጫነት የዓለምን ነገር መተው ነው። ያው ቢጫ በአደይ አበባ ስም ሲጠራ ደግሞ የዘመን መለወጫ ደስታ ይሆናል። አፋን ኦሮሞም «ኬሎ» በሚለው ቃል ቢጫውን ቀለምና ክረምት ሲወጣ የሚፈነዳውን ቢጫ አበባ በአንድነት ይጠራል። ቀለሙ አንድ ሆኖ ሳለ ወይባ ሲባልና አደይ ሲባል ስሜቱ መለዋወጡ የክርክራችን የመጀመሪያ ማስረጃ ነው።

3. ከጸሊም እስከ ጥቁር

በግእዝ ጸሊም ጥቁር ማለት ነው፤ ጸልመ ጠቆረ፣ ጨለመ ማለት ነው፤ ጽልመት ደግሞ ጨለማ ነው። ቀለሙና የብርሃን መጥፋት ከአንድ ሥር በቅለዋል ማለት ነው። ግእዝ የቤተ ክርስቲያንና የትምህርት ቋንቋ ሆኖ በቆየበት ረጅም ዘመን ጽልመት የኃጢአት፣ የኀዘንና የሞት ምሳሌ ሆኖ ስለተነበበ ጸሊም የተባለውም ቀለም ከዚሁ ጥላ አላመለጠም።

አማርኛ በበኩሉ የቀለሙን ስም ለውጧል። ጸሊም የሚለውን ለመጻሕፍት ትቶ ጥቁር የሚለውን ያዘ፤ የግእዙ ሥር ግን «ጨለመ» እና «ጨለማ» በሚሉት ቃላት በአማርኛ ቀረ። ስለሆነም በዛሬው አማርኛ ጥቁርና ጨለማ በሥር የተለያዩ ቃላት ናቸው። ሥሩ ቢለያይም ስሜቱ ግን ከአሮጌው ቤት ወደ አዲሱ ተከትሎ ገብቷል። ኀዘንተኛ የሚለብሰው ጥቁር ልብስ ከል ይባላል፤ «ከል ለበሰ» ማለትም ልብሱን ብቻ ሳይሆን ኀዘኑንም መናገር ነው።

ይሁን እንጂ ጥቁር በአማርኛ ሁልጊዜ የኀዘን ቃል ነው ብሎ መደምደም አይቻልም። ጥቁር እንግዳ ከዚህ ቀደም ያልታየ፣ ስለዚህም በልዩ ክብር የሚስተናገድ እንግዳ ነው። በ1928 ዓ.ም. ፋሺስትን ለመዋጋት የተቋቋመው ማኅበር ጥቁር አንበሳ ተብሎ የተሰየመው ለማስፈራትና ለክብር ነው። በስምጥ ሸለቆው ወደ ሐዋሳ ሐይቅ የሚገባው ወንዝ ጥቁር ውኃ ሲባል በስሙ ውስጥ ክፋት የለበትም። ከቢሾፍቱ ዙሪያ ባለው የአድአ ምድርም ነጩ ማኛ ጤፍ የሚበቅለው ኮትቻ በሚባለው ጥቁር አፈር ላይ ነው፤ ለአራሹ የአፈር መጥቆር የተስፋ ምልክት ነው። በሌላ አነጋገር የኀዘኑ ጥቁር የፊትና የልብስ ጥቁር ነው፤ የእንግዳው፣ የአንበሳውና የአፈሩ ጥቁር ሌላ ነው። ቃሉ አንድ ቢሆንም ስሜቱን የሚወስነው አብሮት የቆመው ስም ነው።

4. ጉራቻ

በአፋን ኦሮሞ ጉራቻ ጥቁር፣ አዲ ነጭ፣ ዲማ ቀይ ነው። ጨለማ ግን «ዱከና» ይባላል፤ ይህም ከጉራቻ ጋር የሥር ዝምድና የለውም። ግእዝ አንድ ያደረገውን አፋን ኦሮሞ ከመነሻው ለይቶ አኑሮታል።

የመለየቱ ፍሬ በየዓመቱ በመስከረም መጨረሻ በቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ በሚከበረው በኢሬቻ በዓል ላይ በግልጽ ይሰማል። ሕዝቡ ነጭ ለብሶ፣ እርጥብ ሣርና አበባ ይዞ ወደ ሐይቁ ሲወርድ እርስ በርሱ የሚለዋወጠው የእንኳን አደረሳችሁ ቃል ከክረምቱ ዱከና ወደ ብራ መሻገርን የሚያበሥር ነው። የጎርፉ፣ የመንገዱ መቋረጥና የዘመድ መራራቅ ወቅት ዱከና ነው። ምስጋና የሚቀርብለት ዋቃ ግን በዚያው በዓል፣ በዚያው አፍ ጉራቻ ተብሎ ይወደሳል። በጨለማና በጥቁር መካከል ያለውን ልዩነት ከዚህ አብልጦ የሚያሳይ ምሳሌ አላገኘንም።

ዋቃ የሚለው ቃል ፈጣሪንም ሰማይንም ያመለክታል። የወለጋን የሜጫ ኦሮሞ እምነት ያጠኑት ላምበርት ባርቴልስ እ.ኤ.አ. በ1983 በታተመው መጽሐፋቸው ዋቃ በዚህ ቅጽል መጠራቱን መዝግበዋል። ጉራቻነቱ የጥልቀት፣ ተመርምሮ ያለመደረስና የቀዳሚነት ምልክት ሆኖ ይተረጎማል። ጥቁር፣ ቀይና ነጭ በአንድነት በሚታዩበት የገዳ ሥርዓት ምልክት ላይም ጥቁሩ ገና ያልታወቀውን የሚመጣውን ጊዜ ያሳያል የሚል ማብራሪያ የተለመደ ነው። በዚህ ላይ የአገሩን ጠባይ መጨመር ይገባል። ከመተሐራ እስከ ዝዋይ ዳር ባለው ደረቅ ሸለቆ ለሚኖር አርብቶ አደርና ገበሬ የሰማይ መጥቆር ዝናብ ነው፤ ዝናብም ሣር፣ ወተትና እህል ነው። በጋዜጣ አማርኛ «ጥቁር ደመና አንዣበበ» ሲባል መዓት ሊመጣ ነው ማለት ይሆናል፤ በመቂ ማሳ ላይ ቆሞ ደመናውን ለሚያይ ሰው ግን የምሥራች ነው።

አማርኛ ይህን ሌላውን ጥቁር ጨርሶ አያውቀውም ማለት ግን አይደለም። የፈረስ መልክ የሚጠራባቸው ዳማ፣ ቡላ፣ ዳለቻና መጋላ የተባሉት ስሞች በአፋን ኦሮሞም የሚገኙ ናቸው፤ ሁለቱ ሕዝቦች በፈረስ ግብይትና በዘመቻ አንድ ላይ የኖሩበት ታሪክ በእነዚህ ቃላት ተመዝግቦ ይገኛል። ጉራቻም በዚሁ መንገድ ወደ አማርኛ ገብቶ የጥቁር ፈረስ ስም ሆኗል። ፈረሱን ጉራቻ ብሎ የሚጠራ አማርኛ ተናጋሪ የኀዘን ጥላ አይታየውም፤ የሚታየው የሚያብረቀርቅ ጠጉርና ኩራት ነው። ቃሉ ስሜቱን ይዞ ተሻግሯል ማለት ነው። በአዳማው ጽሑፍ ላይ ችግር የተፈጠረው ቃሉ ተትቶ ቀለሙ ብቻ እንዲሻገር በመደረጉ ነው።

5. በትርጉም የመጡ ስሜቶች

የስሜት ቀለም በትርጉም ብቻም ወደ አንድ ቋንቋ ሊገባ ይችላል። ከ1966 ዓ.ም. በፊት ቀይ በአማርኛ በብዛት የመልክና የምግብ ቃል ነበር፤ ቀይ ዳማ የውበት መግለጫ፣ ቀይ ወጥ የድግስ ማዕድ ነው። «ቀይ ሽብር» እና «ነጭ ሽብር» የተባሉት ሐረጎች ከሩሲያ የ1918 እ.ኤ.አ. የፖለቲካ ቋንቋ ቃል በቃል የተወሰዱ ሲሆኑ፣ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በተፈጸመው ግድያ ምክንያት በአማርኛ ተናጋሪው ዘንድ ከምንጫቸው የከበደ ትርጉም ያዙ። ያን ዘመን ላየ ትውልድ «ቀይ» ከ«ሽብር» ጎን ሲቆም የሚቀሰቅሰውን ስሜት ማንኛውም የቀለም ሠንጠረዥ አይነግረንም። በተቃራኒው የኢትዮጵያ ሰንደቅ ዓላማ ቀለሞች ወደ ጃማይካ ተሻግረው በራስ ተፈሪያን እምነት አዲስ ትርጉም ካገኙ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1948 በሻሸመኔ በተሰጠው መሬት ከሰፈሩት ሰዎች ጋር ወደ ስምጥ ሸለቆው ተመልሰው መጥተዋል።

ተርጓሚን በየቀኑ የሚያደናቅፉት ግን ከእነዚህ ያነሱ ሐረጎች ናቸው። እንግሊዞች ሰውን ላለማስቀየም የሚነገረውን ቀላል ውሸት በነጭ ይሰይሙታል። በአማርኛ ግን «ነጭ ውሸት» ምንም እውነት ያልተቀላቀለበት፣ ዐይን ያወጣ ውሸት ነው። ቃል በቃል የሚተረጉም ሰው ትንሹን ጥፋት ትልቅ ያደርገዋል ማለት ነው። እንዲሁም በእንግሊዝኛ ሰማያዊ የትካዜ ቀለም ሲሆን፣ በአማርኛ «ሰማያዊ» ከሰማይ ወጥቶ መንፈሳዊነትንም ስለሚያመለክት «ሰማያዊ ስሜት» ተብሎ የተተረጎመ ትካዜ ለአንባቢው የጸሎት መመሰጥ ሆኖ ይታየዋል።

በዚህ ላይ ሊነሣ የሚችል ተቃውሞ አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ አንድ ዓለም አቀፍ ጥናት በ30 አገሮች 4,598 ሰዎችን ጠይቆ ቀለምንና ስሜትን የሚያያይዙበት መንገድ በእጅጉ ተመሳሳይ መሆኑን ደርሶበታል። ውጤቱን አንክድም፤ የደም መፍላትና የፊት መገርጣት የሰው ሁሉ ነው። ነገር ግን ያው ጥናት በቋንቋና በመልክዓ ምድር የሚቀራረቡ አገሮች በመልሳቸውም ይበልጥ እንደሚቀራረቡ ገልጿል። በተጨማሪም ለተጠያቂዎቹ የቀረበላቸው የቀለም ስም እንጂ ቀለሙ ራሱ አልነበረም፤ ያውም ከሐረግ የተነጠለ ስም ነው። ተርጓሚ ግን ነጠላ ስም አያጋጥመውም። የሚያጋጥመው ጥቁር ፊት፣ ጥቁር እንግዳ፣ ጥቁር አፈር ነው።

6. ለመዝገበ ቃላት ሥራ

ከዚህ በላይ ከተመለከተው በመነሣት ሦስት ሐሳቦች እናቀርባለን።

አንደኛ፣ በቀለም ስም ሥር የሚመዘገቡ ሐረጎች የስሜታቸው ጠባይ አብሮ ይጻፍ። ነጭ ውሸት ነቀፌታ፣ ጥቁር እንግዳ አክብሮት፣ ከል ኀዘን መሆኑ በፍቺው ውስጥ መነገር አለበት፤ «የቀለም ዐይነት» የሚል ፍቺ ለተርጓሚ አይበቃውም።

ሁለተኛ፣ የአፋን ኦሮሞና የአማርኛ መዛግብተ ቃላት ሲዘጋጁ ጉራቻን በጥቁር ብቻ ከመፍታት ይልቅ የዋቃ ቅጽል ሲሆን የሚይዘው ትርጉም በተለየ ቁጥር ይግባ። ዱከናም በአጠገቡ ይጠቀስ፤ አንባቢው ሁለቱ እንደማይወራረሱ ይረዳ።

ሦስተኛ፣ በምርቃትና በጸሎት ትርጉም «ዋቃ ጉራቻ» የሚለው እንዳለ ቀርቶ ማብራሪያ ይጨመርለት። ጉራቻ በፈረስ ስምነቱ ለአማርኛ እንግዳ ቃል ስላልሆነ አንባቢን አያስቸግርም።

የአዳማውን ምርቃት በመጨረሻ ያረምነው በዚሁ መንገድ ነው። ቃሉ ወደ ቦታው ተመልሶ ጽሑፉ እንደገና ሲነበብ አዛውንቱ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ በአማርኛ ያደጉት አድማጮችም እያንዳንዱን ቡራኬ ተከትለው «አሜን» አሉ።