የአረብ አገር ስደትና የእኩልነት ጥያቄ በደሴና በኮምቦልቻ

ደቡብ ወሎ፣ በተለይም የደሴና የኮምቦልቻ ዙሪያ፣ ወደ አረብ አገር በብዛት ከሚሰደድባቸው የኢትዮጵያ አካባቢዎች አንዱ ነው። ሴቶች አብዛኛውን ጊዜ «በኮንትራት»፣ ማለትም በቤት ሠራተኝነት ተቀጥረው በአውሮፕላን ይሄዳሉ። ወንዶች ብዙዎቹ «በባሕር» ናቸው፤ ከኮምቦልቻ በባቲና በሚሌ አድርገው ጅቡቲ ይደርሱና በጀልባ ወደ የመን፣ ከዚያም ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ይዘልቃሉ።

የተመላሾች ቅሬታ ባመዛኙ የከፋላ ሥርዓት የወለደው ነው። መኖሪያ ፈቃዱ፣ ኢቃማው፣ ከአሠሪው ስም ጋር ስለሚታሰር ቤቱን ጥላ የወጣች ሠራተኛ በማግስቱ ሕገ ወጥ ናት። ፓስፖርቷ አሠሪው እጅ ይቆያል፤ ስልኳንም ማዳሟ ልትቀማት ትችላለች። «ጠፍታ» የምትሠራ የተሻለ ደመወዝ ብታገኝም ፖሊስ ባየች ቁጥር ትሸሸጋለች። ሳዑዲ ዓረቢያ በ2013 ዓ.ም. ሠራተኞች ያለ አሠሪ ፈቃድ ሥራ እንዲቀይሩ ስትፈቅድ የቤት ሠራተኞችን አላካተተችም። የቀለም ንቀትም አለ፦ ባርነት በአገሪቱ በሕግ የቀረው በ1955 ዓ.ም. ሲሆን፣ ጥቁርን «አብድ» (ባሪያ) ብሎ መስደብ ግን አብሮ አልቀረም።

በዚህ ስም የሚሰደበው ሰው መስጊድ ሲገባ ግን ከሰዳቢው ጋር በአንድ ሶፍ ትከሻ ለትከሻ ይሰግዳል። ዑምራ ያደረገች ተመላሽ ሐረሙን በናፍቆት፣ የሠራችበትን ቤት በምሬት ታነሣለች፤ ሁለቱ አይጣሉባትም። ክርስቲያኖች ለጉዞው የሙስሊም ስም ማውጣታቸው የተለመደ ነበር። የአባትና የልጅ ስም ከሁለት ሃይማኖት በሚመጣበት ወሎ የስሙ መለወጥ ብዙ አያስደነግጥም፤ የሚከብደው ማተብ መፍታቱ ነው።

ከጥቅምት 25 ቀን 2006 ዓ.ም. ጀምሮ ሳዑዲ ዓረቢያ ባካሄደችው አፈሳ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመልሰዋል። የኢትዮጵያ መንግሥት በዚያው ወር የውጭ አገር ሥራ ስምሪትን አገደ፤ እስከ 2010 ዓ.ም. የቆየው እገዳ መንገዱን ለደላላ የተወ ነበር ማለት ይቻላል። አዋጅ ቁጥር 923/2008 ያስገባው የስምንተኛ ክፍል መስፈርትም፣ በኋላ ቢሻሻልም፣ ትምህርቷን ያቋረጠችውን የገጠር ልጅ ከሕጋዊው በር መልሷታል።

ብዙ ያልተነገረለት፣ ስደቱ በአገር ቤት ያለውን መድልዎ አለመንካቱ ነው። አረብ አገር ዕረፍት ተነፍጋ የተመለሰች ሴት ደሴ ላይ ቤት ሠርታ ከገጠር ሠራተኛ ስትቀጥር ያንኑ ዕረፍት ልትነፍጋት ትችላለች። ሕጉም እምብዛም አይዛትም፦ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቤት ሠራተኛን ነገር የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለሚያወጣው ደንብ ትቶታል፤ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም የሚለው ጥቂት ነው። ሳዑዲ ዓረቢያ በበኩሏ በ2005 ዓ.ም. ባወጣችው ደንብ ለቤት ሠራተኛ በሳምንት አንድ ቀን፣ በየዕለቱም ቢያንስ ዘጠኝ ሰዓት ዕረፍት ደንግጋ ነበር፤ አፈጻጸሙን ተመላሾቹ ያውቁታል።