ስለ ሙልሙል ዳቦ

የቤት ዳቦ ታሪክ ሲነሣ ዘወትር የሚወሳው ድፎው ነው። እኛ ግን በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው ታናሹን፣ ይኸውም ለቡሄ የሚጋገረውን ሙልሙል ነው። ብዙዎች ሙልሙልን የጥጋብ ምልክት አድርገው ያዩታል፤ ለእኛ ግን የቁጠባ ሥራ ሆኖ ታይቶናል።

ምክንያታችንን እናስረዳ። በደጋው አገር ስንዴ በብዛት የሚሰበሰበው በኅዳርና በታኅሣሥ ሲሆን ቡሄ የሚውለው ነሐሴ 13 ቀን ነው። እንግዲህ ስምንት ወር ያህል አልፏል፤ ጎተራው ተሟጧል፤ አዲሱ እህል ገና ከማሳ ነው። ከዚህም በላይ ወቅቱ ጾመ ፍልሰታ ስለ ሆነ ቅቤም ወተትም እንቁላልም ከሊጡ አይገባም። ዱቄት፣ ውሃ፣ ጨው፣ እርሾ፤ ካለም ጥቁር አዝሙድ።

ስንዴውም ቢሆን በደጋው ከጥንት ሲዘራ የኖረው በአብዛኛው ዛሬ ለፓስታ የሚፈለገው ጠንካራው ዓይነት ነበር። የሩሲያው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1919 ዓ.ም. መጥቶ ናሙናውን ሰብስቧል። የዚህ ስንዴ ሊጥ እንደ ዛሬው የዳቦ ስንዴ አይነፋም።

በአበው ትውፊት ሙልሙል በደብረ ታቦር ብርሃን ተታለው በዱር ላመሹት እረኞች ቤተሰቦቻቸው ይዘውላቸው የወጡት ዳቦ መታሰቢያ ነው። ስለዚህ ከመነሻው ከቤት ውጭ ላለ ልጅ የተጋገረ ነው ማለት ነው።

እኛም ከሚሲዮን አዳሪ ቤት ለክረምት ወደ ቤታችን ስንመለስ ይህንኑ አይተናል። እናቶቻችን ሊጡን በጭብጥ እየቆረሱ በቅድሚያ የሚቆጥሩት የጨፋሪዎቹን ድርሻ ነበር። ለቤቱ ልጅ የሚደርሰው የተሰነጠቀው ወይም ያረረው ነው (በዚህም ያለቀስንበት ጊዜ አለ)። ደኅናውን ሙልሙል ለመብላት ጅራፋችንን ይዘን ከጎረቤት ደጅ መጨፈር ነበረብን። በዚህ ዓይነት እያንዳንዱ ቤት የሰጠውን ያህል በልጁ እጅ መልሶ ያገኛል፤ ዱቄት ያለቀበት ቤት ልጅ ደግሞ ሳይለምን፣ ማንም ሳያውቅበት ይበላል። የሥርዓቱ ብልኀት እዚህ ላይ ይመስለናል።

ዛሬ በአዲስ አበባ ብዙ ቤት ለጨፋሪ የሚሰጠው ገንዘብ ነው። በእኛ መንደር ግን የተሰበሰበው ሙልሙል ማታ ከአንድ አቁማዳ ይዘረገፍና እኩል ይከፈል ነበር፤ የማን እናት ጋገረች፣ የማንስ አልጋገረችም ተብሎ አልተጠየቀም።